መንኩሳን ወደ እንግሊዝኛ ማን ያሻግራት?

በለንደን፣ በዴንቨር፣ በሜልቦርን ያላችሁ የጎጃም ልጆች፣ የወጋየሁ ንጋቱን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሬዲዮ ትረካ ሰምታችሁ ያደጋችሁት እናንተ ናችሁ። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ፣ ጉዱ ካሣና ፊታውራሪ መሸሻ ለእናንተ የጎረቤት ያህል ናቸው። ለልጆቻችሁስ?

ልጆቹ አያነቡም ማለቴ አይደለም። የዲናው መንግሥቱንና የመዓዛ መንግሥቴን ልቦለዶች ያውቃሉ። የመዓዛ «ዘ ሻዶው ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ሲሆን ሁላችንም ደስ ብሎናል። ሁለቱ ግን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የተጻፈው ዓለም ልጆቹ ዘንድ የሚደርሰው የሚያሻግረው ሰው ሲገኝ ብቻ ነው።

የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው፣ በጣሊያን እስር ቤት አልፈው፣ በለንደን አምባሳደር የነበሩ ሰው ናቸው። የውጭ ኑሮን እንደኛው ያውቁት ነበር። መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ግን ታሪኩን የጀመሩት ከመንኩሳ ነው። ሲሳይ አየነው ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል፤ ምስጋና ይገባዋል። ዶስቶየቭስኪን እንግሊዞች ስንት ጊዜ ደጋግመው እንደተረጎሙት ሳስብ ግን ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ አንድ ትርጉም ይበቃል አልልም።

የሚገርመው፣ ከዚያችው መንኩሳ ገጣሚው በዕውቀቱ ስዩም ተገኘ። ግጥሞቹን ወደ እንግሊዝኛ ያሻገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በለንደን የሚኖረው ገጣሚ ዓለሙ ተበጀና በልጅነቱ ኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊ ገጣሚ ክሪስ ቤኬት። የትርጉም መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ «ሶንግስ ዊ ለርን ፍሮም ትሪስ» የተባለውን የአማርኛ ግጥም መድበል አዘጋጁ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ የታተመው በመስፍን ፈለቀ ይርጉና በዴቪድ ዴጉስታ ጥምረት ነው።

ልብ በሉ፣ ሦስቱም ጊዜ ሥራው የጥንድ ነው። አንዱ አማርኛውን ከሥሩ ያውቃል፤ ሌላው እንግሊዝኛውን ከእናቱ ወተት ጋር ጠጥቶታል። እንዲህ ያለ ጥንድ ደግሞ በየቤታችሁ አለ! የዲማ ጊዮርጊስን ቅኔ ቤት ወግ፣ የጉልት ሥርዓቱን፣ የባላባቱን ንግግር ያልሰማ ልጅ ብቻውን ጉዱ ካሣን ቢተረጉም ቀልዱ ይሞታል። አባቱ ብቻውን ቢተረጉም እንግሊዝኛው ያነክሳል። አንድ ላይ ቢቀመጡ ግን፣ አባት ቃሉን ሲያብራራ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን ሲያስተካክል፣ ለሙከራ የሚሆን ምዕራፍ ይወጣል። የተጣሉበት ገጽ ካለም እሰየው፤ ተርጓሚ ያልተጨቃጨቀበት ገጽ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው።

ገንዘቡ? ቤተ ክርስቲያን ስንሠራ፣ ለለቅሶ ስናዋጣ አንታማም። ለተርጓሚ ሲሆን ግን «በፍቅር ይሥራው» እንላለን። ዓለም አቀፉ የቡከር ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ 50,000 ፓውንዱን ለደራሲውና ለተርጓሚው እኩል ያካፍላል። እኛ ለተርጓሚ ግማሹን ቀርቶ የቡናውን እንኳ አስበን አናውቅም።

የየከተማው የጎጃም ማኅበር በዓመት ዕቅዱ አንድ መስመር ይጨምር፦ ለአንድ ጥንድ፣ ለአንድ ምዕራፍ የሚከፈል። ለሕትመት ከመነሣታችሁ በፊት የመጽሐፉን ባለ መብቶች ፈቃድ ጠይቁ። ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ጋብቻ፣ ከመንኩሳው ምዕራፍ ጀምሩ፤ አጭርም ነው፣ ሳቅም አለበት።