የጨረር መጠን በሕመምተኛው አካል ላይ ሊለካ ይገባል፦ የጎንደር ከፍታ የሚጨምረው ምክንያት

በካንሰር የጨረር ሕክምና ውስጥ ሁለት መጠኖች አሉ፤ አንደኛው በዕቅድ ኮምፒውተር የተሰላው፣ ሁለተኛው ሕመምተኛው በእርግጥ የተቀበለው ነው። ሁለቱ አንድ መሆናቸው የሚረጋገጠው በልኬት ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የጨረር አሃዶችና ልኬቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ሪፖርት፣ ለዕጢው የሚደርሰው መጠን ከታዘዘው ከ5 በመቶ በላይ እንዳይርቅ መክሯል። መጠኑ ሲያንስ ዕጢው ሊያገረሽ፣ ሲበዛ ደግሞ ጤናማው የአካል ክፍል ሊጎዳ ይችላልና። በሕክምናው ሰዓት በሕመምተኛው ቆዳ ላይ ወይም በአካሉ ክፍተት ውስጥ በሚቀመጡ ጥቃቅን መለኪያዎች መጠኑን የማረጋገጥ ሥራ በአካል ላይ የሚካሄድ ዶሲሜትሪ ይባላል። ይህ አሠራር በጎንደር የጨረር ሕክምና ከሚጀመርበት ቀን አንሥቶ የሕክምናው አካል እንዲሆን የሚያስገድድ፣ ከቦታው ከፍታ የሚመነጭ ምክንያት አለ።

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በኮባልት-60 መሣሪያ ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት ለአገሪቱ በሙሉ ብቸኛው ማዕከል እርሱ ነበር። አገልግሎቱን በሊኒያር አክሰለሬተር ወደ ክልሎች ለማስፋፋት በወጣው ዕቅድ ከጅማ፣ ከሐሮማያ፣ ከሐዋሳና ከመቀሌ ጋር ጎንደርም ተካትታለች። ከደባርቅ ወይም ከዳባት ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዝ ሕመምተኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ሲቀርብ የልኬቱም ኃላፊነት አብሮ ይቀርባል።

የጨረር መሣሪያ የሚመዘነው በአዮናይዜሽን ቻምበር ነው። ይህ መለኪያ በውስጡ ባለው አየር ላይ ጨረር የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይቆጥራል። አብዛኞቹ ቻምበሮች ለውጭ አየር ክፍት በመሆናቸው፣ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ በውስጣቸው ያለው የአየር ክብደት፣ ከእርሱም ጋር ንባቡ ይቀንሳል። ስለዚህ ንባቡ በባሕር ጠለል ወዳለው መደበኛ ግፊት፣ ማለትም ወደ 101.3 ኪሎ ፓስካል፣ በስሌት መታረም አለበት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ጎንደር የአየሩ ግፊት 79 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በዝቅተኛ ቦታ ባሉ ሆስፒታሎች ጥቂት በመቶ ብቻ የሆነው እርማት በጎንደር 28 በመቶ ያህል ይደርሳል።

እርማቱ ከተዘነጋ መሣሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ጨረር የሚሰጥ መስሎ ይታያል፤ ባለሙያውም ጉድለቱን ለመሙላት የጨረሩን ጊዜ ያስረዝማል። በዚህ ስሌት ለ50 ግሬይ የታቀደ ሕክምና ወደ 64 ግሬይ ይጠጋል። ስህተቱ የሚገባው በመዘንጋት ብቻ አይደለም። ባሮሜትር በሌለበት ቦታ ከአውሮፕላን ማረፊያ የግፊት መረጃ መጠየቅ ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ለአብራሪዎች የሚነገረው ግፊት ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ እንጂ በቦታው ያለው አይደለም። በዚህ መንገድ የተፈጠረ ስህተት ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በመዘገባቸው የጨረር ሕክምና አደጋዎች ውስጥ ይገኛል።

ዳዮድና ቴርሞሉሚነሰንስ ዶሲሜትር (ቲ.ኤል.ዲ.) ጠጣር በመሆናቸው በአየር ግፊት አይለወጡም። ዳዮድ ውጤቱን ወዲያውኑ ያሳያል፤ የሊቲየም ፍሎራይድ ቲ.ኤል.ዲ. ደግሞ ጨረሩን ከተቀበለ በኋላ ሲሞቅ በሚሰጠው ብርሃን ይነበባል። እነዚህን በሕመምተኛው ላይ ማስቀመጥ ለቻምበሩ ሁለተኛ ምስክር ያቆምለታል። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዳዮዱ በዚያው ስህተት ባለበት ቻምበር ከተመዘነ፣ ሁለቱ ምስክሮች አንድ ሐሰት ይናገራሉ፤ መስማማታቸውም የተሳሳተ መተማመን ይፈጥራል። ስለዚህ የመሣሪያው ምዘና አስቀድሞ በሌላ ወገን መረጋገጥ አለበት። ኤጀንሲው ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በፖስታ በሚላኩ ዶሲሜትሮች የሚያካሂደው ቁጥጥር የተዘጋጀው ለዚህ ነው።

የምዘና ስህተት ምን እንደሚያስከትል በኮስታ ሪካ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 በሳን ሆሴ በሚገኝ ሆስፒታል የኮባልት ምንጭ ከተለወጠ በኋላ 0.3 ደቂቃ፣ ማለትም 18 ሰከንድ፣ እንደ 30 ሰከንድ ተቆጥሮ የመጠን ስሌቱ ተዛባ። ከመጠን በላይ ጨረር የተቀበሉት ሕመምተኞች 115 ነበሩ። በትክክል የተመዘነ አንድ ዳዮድ በመጀመሪያው ሕመምተኛ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ልዩነቱ በዚያው ቀን በታየ ነበር።

የአሠራሩ ወሰንም መታወቅ አለበት። በቆዳ ላይ የተቀመጠ መለኪያ የሚናገረው ጨረሩ የገባበትንና የወጣበትን ነጥብ ነው፤ በዕጢው ላይ ያለው መጠን ከዚያ በስሌት ይገመታል። በኢትዮጵያውያን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት በሚታየው የማህፀን ጫፍ ካንሰር ግን፣ ምንጩ ወደ አካል ውስጥ በሚገባበት የብራኪቴራፒ ሕክምና፣ መለኪያውን በፊንጢጣ በኩል አስገብቶ የሬክተምን መጠን በቀጥታ ማንበብ ይቻላል። ከምንጩ አጠገብ መጠኑ ከርቀት ጋር በፍጥነት ስለሚወርድ የጥቂት ሚሊ ሜትር መንሸራተት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። መለኪያው ራሱ ከቦታው ከተንሸራተተም ንባቡ ያሳስታል፤ ስለዚህ ቦታው በምስል ሊረጋገጥ ይገባል።

ወረፋ በበዛበት አገር ተጨማሪ ልኬት ሕክምናውን ያዘገያል የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ነገር ግን ልኬቱ በየቀኑ አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ሕመምተኛ የመጀመሪያ ቀንና ዕቅዱ በተለወጠ ጊዜ ማካሄድ ይበቃል፤ ለዚያም የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ቀጣዩ ክፍለ ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት ምክንያቱ ይጣራ። ሕክምናው ለሳምንታት ስለሚቆይ በመጀመሪያው ቀን የተገኘ ስህተት በቀሩት ቀናት ሊካካስ ይችላል፤ ከተፈጸመ በኋላ የተገኘው ግን ከአካል ላይ አይነሣም።

በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሥራ የሚሆን መሠረት አለው። የተመዘነ ባሮሜትር በጨረር ክፍሉ ውስጥ ማኖር፣ የቦታውን ግፊት በየዕለቱ መመዝገብ፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከመታከሙ በፊት የውጭ ቁጥጥር ማስደረግ፣ የዳዮድና የቲ.ኤል.ዲ. ልኬትንም የድኅረ ምረቃ ጥናት ርእስ ማድረግ ይቻላል። ከእነዚህ ውስጥ የሊኒያር አክሰለሬተሩን ዋጋ የሚቀራረብ ወጪ የሚጠይቅ አንድም የለም። መሣሪያው እስኪተከል ያለው ጊዜም የሚለኩትን ሰዎች ለማሠልጠን ሊውል ይገባል።