ጨጓራ አልነበረም

በሃያ ሁለት ዓመቴ ሦስት ክሊኒክ ዞሬአለሁ። በሦስቱም የተነገረኝ አንድ ነገር ነው፤ ጨጓራ። ደሜ ታየ፣ ሰገራዬ ታየ፣ ኦሜፕራዞል ተጻፈልኝ፣ ሚጥሚጣ ተከለከልኩ። ከዚያ "ቁርስሽን ብዪ፣ አትጨነቂ" ተብዬ ተሸኘሁ። አትጨነቂ! ጭንቀት በምክር የሚለቅ ቢሆን ኖሮ እኔ ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ በዳንኩ።

አንዱም ሐኪም "ምግብ ሲቀርብልሽ ምን ይሰማሻል?" ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። እፈራለሁ። ሰው እባብ እንደሚፈራው እኔ እንጀራ እፈራለሁ። ትሪ ሲዘረጋ ልቤ ይመታል፣ እጄን ያልበኛል። ከበላሁ በኋላ ደግሞ የበላሁትን ለማውጣት መታጠቢያ ቤት እገባና ቧንቧውን ከፍቼ እቆያለሁ። እንግዲህ ይኼ ነው ጨጓራ የተባለው።

ቤት ውስጥ ደግሞ የየራሱን ስም ያላወጣለት አልነበረም። አክስቴ እቴቴ "ዓይን ነው" አሉ። ጎረቤት "ቅብጠት ነው፣ ሞዴል ልትሆን ነው" አለች። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሁሉም የከፋውን ተናገረ፤ "በ77 ስንቱ የሚቀምሰው አጥቶ አለቀ! አንቺ የቀረበልሽን ትገፊያለሽ?" ለዚህ ምን መልስ አለው? ዝም አልኩ። በራበኝ ላይ ኃጢአተኛ ሆንኩ።

ዛሬ መልስ አለኝ። ረሃብን ያየ ሕዝብ ረሃብ አእምሮን ምን እንደሚያደርገው ከማንም በላይ ሊገባው ይገባ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ አንሴል ኪስ የሚባል ሳይንቲስት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣት ወንዶችን ሰብስቦ ነበር። ሕሊናችን አይፈቅድም ብለው ጦር ሜዳ ያልዘመቱ፣ አካላቸውም አእምሯቸውም ጤነኛ መሆኑ ተመርምሮ የተመረጡ ናቸው። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ለ24 ሳምንታት ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰ። እነዚያ ጨዋታ የሚወዱ ጎረምሶች ተደበሩ፣ ተነጫነጩ፣ ከሰው ሸሹ። ቀን ከሌት የሚያስቡት ስለ ምግብ ሆነ፤ የወጥ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ያነቡ ነበር።  መብላት ሲጀምሩም ልባቸው ቶሎ አልተመለሰም፤ አንደኛው ሦስት ጣቶቹን በመጥረቢያ የቆረጠው ያኔ ነው።

ከእነሱ መካከል ቀበጥ አልነበረም። ሞዴል መሆን ያማረውም አልነበረም።

ድብርት ስንል ዝናብ ሲዘንብ የሚመጣ መሰላቸት ይመስለናል። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሌላ ነው፤ ጧት ዓይንሽን ስትገልጪ ቀኑ እንደ ድንጋይ ደረትሽ ላይ የሚቀመጥበት ነው። የተራበ አእምሮ ይህን ራሱ ያመርታል። ለዚህ ነው ሰውነቷ ላለቀ ልጅ የድባቴ ክኒን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ብዙም የማይረዳት። የምግቧን ነገር ሳይጠይቁ መድኃኒት ማዘዝ አደጋም አለው፤ ቡፕሮፒዮን የተባለው የድባቴ መድኃኒት እንደ እኔ የበላችውን በምታስመልስ ልጅ ላይ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ስለሚችል ክልክል ነው። ማስመለሱ ራሱ የሰውነትን ፖታሺየም አሟጦ የልብን ምት ያዛባል። ሦስት ክሊኒክ፣ ተደጋግሞ የተቀዳ ደም፣ አንድም ጥያቄ የለም!

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጭንቀቱ ከምግቡ በፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ዋልተር ኬይ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አኖሬክሲያና ቡሊሚያ የሚባሉት የአመጋገብ ሕመሞች የያዟቸውን ከ600 በላይ ሰዎች አጥንተው ነበር፤ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው የጭንቀት ሕመም ነበረባቸው። አብዛኞቹም የጀመራቸው ገና በልጅነት፣ ምግብ ጠላት ከመሆኑ በፊት ነው። ሳነበው የራሴን ልጅነት አየሁት። በር መቆለፉን አምስት ጊዜ የምታረጋግጥ፣ ሰሌዳ ላይ ውጪ ስትባል ጉሮሮዋ የሚደርቅ፣ ደብተሯ ላይ አንዲት ፊደል ከተሰረዘች ገጹን በሙሉ የምትገለብጥ ልጅ። ያቺን ልጅ ሰፈሩ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? ጨዋ! አንገቷን የደፋች! ሌሎች እናቶች ለልጆቻቸው በምሳሌነት ይጠሩኝ ነበር። ሕመሜን ሸለማችሁልኝ፤ ስወድቅ ደግሞ ቀበጥ አላችሁኝ።

የጠረጠረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የነፍስ አባቴ። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሜ፣ ፋሲካ ካለፈም በኋላ ሌላ ጾም እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ጾም ለእኔ መደበቂያ ነበር፤ ማንም "ለምን አትበዪም" አይለኝም። አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ትኩር ብለው አዩኝና "ልጄ፣ የታመመ አይጾምም። አንቺ ታመሻል። ሐኪም ዘንድ ሂጂ" አሉኝ። የትኛው ሐኪም እንደሆነ ግን እሳቸውም አላወቁም። የአእምሮ ሐኪም ፊት እስክቀመጥ ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ደግሞ "የፈረንጅ በሽታ ነው" የምትሉ አላችሁ። በአኖሬክሲያ ከሚሞቱት ከአምስቱ አንዱ ገደማ የሚሞተው ራሱን አጥፍቶ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለቀች ልጅ ምን ተብላ ትቀበራለች? በጨጓራዋ ትሰቃይ ነበር፣ ይባላል።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። ገና ከበር እቴቴ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና "እሰይ፣ ተመችቶሻል!" አሉ። እሳቸው መረቁኝ፤ ለእኔ ግን ፍርድ ነው፣ ሆዴ ተላወሰ። ትሪ ቀረበ። እቴቴ የዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልለው፣ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ አፌ ላይ ደቀኑ። "በሞቴ!"

"እቴቴ፣ እርስዎ ይኑሩልኝ። በራሴ እጅ እበላለሁ።"

ተቀየሙኝ። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። የፊቴን ግን ጨረስኩ።