ጳጉሜንን የማያውቅ ፈንክሽን

ሞጣ ያለ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ልጄ ጳጉሜን 3 ነው የተወለደችው፤ ሲስተሙ ግን አልቀበልም አለ።» መዝጋቢዋ ምን ታድርግ? «መስከረም 1 እንበለውና እንገላገል» አለችው። ልጅቷ በ2017 ተወልዳ በ2018 ተመዘገበች። የክርስትና ወረቀቷ ላይ ሌላ ቀን፣ ሰርተፊኬቷ ላይ ሌላ ቀን። ነገ ትምህርት ቤት ስትገባ ስታስረዳ የምትውለው እናቷ ናት።

በመዝጋቢዋ አልፈርድም። ጥፋቱ የኛ የኮድ ጻፊዎቹ ነው። ብዙዎቻችን ፎርም መሥራት የለመድነው በፒኤችፒ ነው። ፒኤችፒ ቼክዴት የሚባል ፈንክሽን አለው፤ ወር፣ ቀንና ዓመት ስትሰጡት ትክክል ነው ወይም አይደለም ይላችኋል። የሚያውቀው ግን የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። 13ኛ ወር አይቀበልም፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ልብ የማንለው ሌላ አለ፦ የኛን ቀን በቁጥር ስንሰጠው ጥቅምት 30ን ይጥላል፣ ለሱ 2ኛው ወር ፌብሩዋሪ ነዋ! የሌለውን መስከረም 31 ደግሞ እሰየው ብሎ ያሳልፋል።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? የዚሁ ቋንቋ የካላንደር ክፍል የፈረንሳይ አብዮትን አቆጣጠር ያውቃል። በ1793 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ1806 የተሻረ አቆጣጠር ነው። እሱም ከ12ቱ ባለ 30 ቀን ወሮች በኋላ 5 ወይም 6 ተጨማሪ ቀን ነበረው፤ ፒኤችፒ እነዚያን ቀኖች 13ኛ ወር ብሎ ይቆጥራቸዋል። ለሞተው የተፈቀደ ለኛ ተከለከለ።

የኛ ሕግ እኮ ሦስት መስመር አይሞላም። ከ1 እስከ 12 ያለው ወር 30 ቀን ነው። 13ኛው 5 ነው፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ፣ ማለትም ዘመነ ሉቃስ ከሆነ፣ 6 ይሆናል። 2015 እንደዚያ ነበር፣ 2019ም እንደዚያ ነው።

«ወደ ፈረንጅ ቀይረህ አስቀምጠው» የምትሉ አላችሁ። ዳታቤዝ ውስጥ ይሁን። ግን ማጣራቱ ከመቀየሩ በፊት፣ ሰውየው የጻፈው ላይ መሆን አለበት። «ላይብረሪ አለ» ለምትሉም፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ የሚሠራ ልጅ የሚጠቀመው ከቋንቋው ጋር አብሮ የመጣውን ነው። ሰባራ ድልድይ መሃሉ ከተሰበረ በኋላ ሰው ለዓመታት በገመድ እየተጎተተ ነበር ዓባይን የሚሻገረው። እኛም በየቢሯችን የየራሳችንን ገመድ ይዘን እንጎትታለን፤ አንዱ ጋ ጳጉሜን 6 ያልፋል፣ ሌላው ጋ ይወድቃል።

ስለዚህ አንድ አብሮ የሚመጣ ፈንክሽን እንጠይቅ። አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም፦ ስህተት ሲያይ «አይደለም» ይበል እንጂ ዝም ብሎ አያስተካክል። ኤምኬታይም 13ኛ ወር ሲሰጡት ድምፁን ሳያሰማ ወደ ቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ይገለብጠዋል፤ ይሄ ከመከልከሉም ይብሳል።

ፒኤችፒ ላይ እንዲህ ያለ ሐሳብ በጽሑፍ ቀርቦ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይፈልጋል። እኔ ቢቸና ቁጭ ብዬ ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። የመሞከሪያ ቀኖች ይጎድሉኛል። ፎርም እምቢ ያላችሁ ቀን ካለ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ። ጳጉሜን 6 የተወለዳችሁማ ቅድሚያ አላችሁ።