ስለ ብርቅ አራዊት መመለስና መጠበቅ

ከአባቱ ብዙ ሀብት የተረከበ ሰው ሀብቱን ሁሉ በአንድ ቀን አያጠፋም፤ ዛሬ አንድ በሬ፤ ነገ አንድ ማሳ እየሸጠ ይኖርና ድኻ መሆኑን የሚያውቀው ጐተራው ባዶ የሆነ ዕለት ነው። የኢትዮጵያም የዱር አራዊት ነገር እንዲሁ ሆኗል። አንበሳው፤ አቦ ሸማኔውና ተኵላው ከየቈላው ጥቂት በጥቂት ሲያንሱ፤ ያነሰውን የቈጠረ ሰው እምብዛም አልነበረም።

ድሬ ዳዋ የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ የምሥራቅ ኢትዮጵያ በር ሆና ትኖራለች። በበር በረከት ይገባል፤ በር ጠባቂው ካልነቃ ግን ሀብትም ይወጣበታል። በምሥራቁ ቈላ የአቦ ሸማኔ ደቦሎች ገና ጡት ሳይጥሉ ከእናታቸው እየተነጠቁ በስውር ወደ ሶማሌላንድ ይወሰዳሉ፤ ከዚያም ባሕር ተሻግረው በዓረብ አገር ለባለጠጎች መጫወቻ ይሸጣሉ። ከነዚህም ብዙዎቹ በረኃብና በበሽታ በመንገድ ይሞታሉ። በ2009 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደ ገለጸው በዓለም ሁሉ የቀረው አቦ ሸማኔ 7,100 ያህል ብቻ ነው፤ ቀድሞ ይኖርበት ከነበረውም ምድር ከመቶ 91 እጁን አጥቷል።

«የአርብቶ አደሩን ፍየል የሚነጥቅ አውሬ ቢጠፋ ምን ይጐዳል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ከድኻው ችግር የመጣ ነውና መናቅ አይገባውም። ነገር ግን ነጣቂው አውሬ ሲጠፋ ጉዳቱ መልኩን ለውጦ ይመጣል እንጂ አይቀርም። በጋና አገር አንበሳና ነብር ባለቁባቸው ጥብቅ ስፍራዎች ዝንጀሮ እጅግ እንደ በዛና የገበሬውን እህል እንዳጠፋ ተመርምሮ ታውቋል። ፈጣሪ ሁሉን በሚዛን ሠርቶታልና ከሚዛኑ አንዱን ወገን የሚያነሣ ሰው ሌላው ወገን ሲወድቅበት ሊደነቅ አይገባውም። የድሬ ዳዋ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ በ1998 ዓ.ም. ከተራቈተው ተራራ የወረደው የደቻቱ ጐርፍ ብዙ ነፍስ ይዞ ሄዷልና።

ካህናትም ለሕዝቡ የሚያስረዱት ብዙ ነገር አለ። ኖኅ ወደ መርከቡ ያስገባው በግንና ርግብን ብቻ አይደለም፤ የሚነጥቀውንም አውሬ አስገብቷል። የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል 60 አናብስትና 60 አናምርት ሳይከቡት አይሣልም። በሥዕሉ ፊት የሚሰግድ ምእመን በዱር ያሉትን ፈጽሞ ቢያጠፋ የሥዕሉን ትርጓሜ አላስተዋለም።

የጠፋውን መመለስ ግን ያለውን ከመጠበቅ ይልቅ እጅግ የከበደ ነው። የሕንድ መንግሥት አቦ ሸማኔ ከምድሩ መጥፋቱን በ1944 ዓ.ም. ካስታወቀ በኋላ 70 ዓመት ቈይቶ በ2015 ዓ.ም. ከናሚቢያ 8፤ ከደቡብ አፍሪካ ደግሞ 12 አስመጣ። ብዙ ገንዘብና ድካም ፈሰሰ፤ ከመጡትም ጥቂት የማይባሉት ሞቱ። ኢትዮጵያ ግን እስከ ዛሬ የራሷ ዘር አላትና ሥራዋ ገና ከዚያ አልደረሰም። ደግሞም ከእናቱ የተነጠቀ ደቦል ማደንን ስለማይማር፤ ከነጋዴ እጅ ቢያስጥሉትም ወደ ዱር መመለሱ እጅግ ያስቸግራል። በሆለታ አጠገብ ያለው እንሰሳ ኮቴ የተባለው መጠለያ እንደነዚህ ያሉትን ይጦራል። ሥራው የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን በአጥር ውስጥ የሚጦር አውሬ ለዱሩ አይቈጠርም።

ስለዚህ ሥራው በተራ መያዝ አለበት። መጀመሪያ ስርቆቱ ይቁም፤ ቀጥሎ ሚዳቋውና የሜዳ ፍየሉ በባቢሌና በአዋሽ ጥብቅ ስፍራዎች ይብዛ፤ አውሬው የሚበላውና የሚጠለልበት ከተገኘ በኋላ ወደ ጠፋበት ስፍራ መመለሱ ይከተላል። የሚበላው የሌለውን አውሬ መመለስ በአርብቶ አደሩ ፍየል ላይ መልቀቅ ነው። ሕዝቡ የሥራው ባለቤት ሲሆን ፍሬው እንደሚገኝ የመንዝ ሰው አሳይቷል፤ በቄሮ ሥርዐት የጓሳን ሣር ለዓመታት እየዘጋ ስለ ጠበቀ፤ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ዛሬም በዚያ ይገኛል።

ኢትዮጵያ ብርቅ አራዊት እንዳይነገድባቸው የሚከለክለውን የዓለም ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሕግ ግን የሚፈጽመው ሰው ካላገኘ ጽሕፈት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የጉምሩክ ሹም ጭነቱን ሲፈትሽ የኮንትሮባንድ ልብስን ብቻ ሳይሆን በሣጥን የተደበቀውንም ደቦል ይፈልግ፤ ዳኛው ይህን ወንጀል እንደ ቀላል ነገር አይመልከተው፤ የወረዳው ሹም ፍየሉ ለተበላበት ድኻ ጽኑ በረት የሚሠራበትንና ካሣ የሚያገኝበትን መንገድ ያብጅለት፤ ካህኑም በዐውደ ምሕረት ያስተምር። ብዙ ዘመን የአንበሳን መልክ በሰንደቋና በገንዘቧ ላይ ያተመች አገር፤ ልጆቿ አንበሳን በሥዕል ብቻ የሚያውቁ እንዳይሆኑ መጠንቀቅ የሹማምንቷ ግዴታ ነው።