በሰው አገር ሚዛን

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ቁጥር ነው። በግጥምና በወግ ገበታ ላይ ቁጥር ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ቁጥርም እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙን ብቻ ይዞ የሄደ ወርቁን ጥሎት ይሄዳል። ቀን በባንክ መስኮት ብር ስቆጥር፣ ማታ ስንኝ ስቋጥር የምኖር ሰው ነኝና፣ ሁለቱ ሲገናኙ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ነገሩ የክትባት ነገር ነው። በእኛ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው በስልኩ አንድ ወሬ ይደርሰዋል፦ «ይህን ያህል ሰው ተከትቦ ሞተ።» ደንግጦ የሚያውቅ ሰው ሲጠይቅ ደግሞ «ኧረ ምንም አይልም» ይባላል። ለእኔ ሁለቱም ጎደሎ ናቸው። የመጀመሪያው ላዕሉን ተናግሮ ታህቱን ይውጣል፤ ከስንት ሰው መካከል እንደሆነ አይገልጽም። ሁለተኛው ጭራሹን መዝገቡን ይዘጋዋል።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ክትባትን ለመመዘን ሦስት ቁጥር ያስፈልጋል። ክትባቱ ከተከታቢዎች ስንቱን ይጎዳል? በሽታው ከያዛቸው ስንቱን ይጎዳል? በሽታው እኔን የማግኘት ዕድሉስ ምን ያህል ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከሌላ አገር መዋስ ይቻላል። ሦስተኛው ግን የአገርና የሰፈር ነው፤ በውሰት አይገኝም።

ለዚህ ታሪካችን ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 መባቻ ኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ጀመረች። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ሕፃናትን ሁሉ ለፈንጣጣ መክተብ ይቅር አሉ። ክትባቱ አንድ፣ ጉዳቱም አንድ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚከተቡ አንድ ሚሊዮን ሰዎች አንድ ወይም ሁለት ያህል ይሞቱ ነበር። ታዲያ ማን ተሳሳተ? ማንም። አሜሪካ ከ1949 ወዲህ ፈንጣጣ አልታየባትም፤ እዚያ ከበሽታው ይልቅ ክትባቱ የሚያደርሰው ጉዳት በልጧል። እኛ ዘንድ ግን በዘመቻው የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። በአገራችን በብዛት ይዞር የነበረው «ቀላሉ» የሚባለው ዓይነት እንኳ ከመቶ ሕመምተኞች አንድ ወይም ሁለቱን ይገድል ነበር፤ ወደ ሚሊዮን ሲመነዘር ከ10,000 እስከ 20,000 መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በ1976 ተገኘ፤ በ1980 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከዚያም ዓለም ክትባቱን ተወው። ያው መርፌ በሽታው ሲኖር ጋሻ፣ በሽታው ሲሞት ትርፍ ሸክም ሆነ።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነገሩ ተደገመ። መጋቢት 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ዴንማርክ የአስትራዜኔካን የኮቪድ ክትባት በደም መርጋት ሥጋት ለጊዜው አገደች። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4፣ ኢትዮጵያ ያንኑ ክትባት በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መስጠት ጀመረች። «እነርሱ የጣሉትን ለእኛ» የሚል ቅሬታ በየታክሲው ይሰማ ነበር። በዚያ ወር መጨረሻ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሒሳቡን አወጣ፦ ከ25 ሚሊዮን ገደማ ተከታቢዎች መካከል 86 ያልተለመደ የደም መርጋት፣ ከእነርሱም 18 ሞት። እነዚያ 18 ሰዎች እናትና ጎረቤት ነበራቸው፤ ሊሸሸጉ አይገባም፣ አልተሸሸጉምም። ዴንማርክ በኋላ ክትባቱን ጨርሳ ስትተው ግን ምክንያቷ ወረርሽኙ በቁጥጥሯ ሥር መዋሉና ሌላ ክትባት በእጇ መኖሩ ነበር። እኛ ጋ በዚያው መጋቢት በቀን ከ2,000 በላይ ሰው ይያዝ ጀመር፤ ዘመቻው ሲጀመር በእጃችን የነበረውም ያው 2.2 ሚሊዮን የአስትራዜኔካ ክትባት ነው። በኮፐንሃገን ሚዛን የኮልፌን ሸክም መመዘን አይቻልም።

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የምትል እናት እንዳለች አውቃለሁ። አንድ ልጅ ላላት እናት «ከሚሊዮን አንድ» ማጽናኛ አይደለም፤ ያ አንዱ የእርሷ ከሆነ ሙሉ ነው። እውነቷን ነው። ነገር ግን አፈሩ በሁለቱም በኩል አለ፤ አለመከተብም ራሱ ውሳኔ ነው። ኩፍኝን እንይ። ያልተከተቡ ሰዎች ከሕመምተኛ ጋር ከተቀራረቡ ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል ይይዛል። ከያዛቸው አንድ ሺህ ሰዎች በአንዱ ገደማ አንጎል ይቆጣል። ክትባቱ የሚያስከትለው ብርቱ አለርጂ ግን ከአንድ ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩት።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ ለዚያች እናት ሦስቱም ቁጥሮች በአማርኛ ይነገሯት። ደንበኛ ሒሳቡን ሲጠይቀኝ «ደህና ነው» ብዬ ብሸኘው ነገ ገንዘቡን አያምነኝም። ልጅ ደግሞ ከገንዘብ ይበልጣል። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ በገበያ ሚዛን ስትታለል ታውቃለች፤ ቁጥሩን አትችለውም ብሎ መደበቅ እርሷን መናቅ ነው።

በስንኝ ልሰናበት፦

ፍርሃት ብቻውን ሚዛን ላይ ሲወጣ፣
ላባም ይከብዳል አቻው እስኪመጣ።
በወዲያው በኩል ሕመሙን አኑሩ፣
ያን ጊዜ ይፈታል የቁጥር ምሥጢሩ።