የቺካቲሎ ጠበቃ፦ ረሀብ

ስለ አንድሬይ ቺካቲሎ የሚጻፈው ሁሉ የሚጀምረው ከረሀብ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1936 ዩክሬን ውስጥ ተወለደ፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የስታሊን መንግሥት የገበሬውን እህል አስጠርጎ በመውሰዱ ሚሊዮኖች አልቀዋል፤ ስቴፓን የሚባል ታላቅ ወንድምህን ጎረቤቶች በልተውታል ብላ እናቱ ነገረችው፤ አድጎም ሴቶችንና ሕፃናትን የሚያርድ አውሬ ሆነ። አለቀ። አንባቢም «አሃ!» ብሎ መጽሔቱን አጥፎ ይተኛል።

እኔ «አሃ» ማለት አቅቶኛል። ስቴፓን የሚባል ወንድም መኖሩን የሚያረጋግጥ ሰነድ አልተገኘም። ቢኖርስ? ከዚያ ረሀብ የተረፈው ሕፃን ስንት ነው? አድጎ ትራክተር ነዳ፣ አስተማረ፣ ልጅ ወልዶ ዳረ። ቺካቲሎ አልሆነም። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ እናቱን በረሀብ የቀበረ ልጅም ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ በየሰፈራችን አለ፤ ደግ ጎረቤታችን ነው። የተራበን ሁሉ ለገዳይነት የታጨ አድርጎ መቁጠር ስድብ ነው። በሳይንስ ቋንቋ ስለተነገረ ስድብነቱ አይቀርም።

ሥነ ልቦናን የናቅሁ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1990 የተያዘው ቺካቲሎ መርማሪዎችን ክዶ ክዶ የተሸነፈው ቡሃኖቭስኪ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ስለ ገዳዩ ጠባይ አስቀድሞ የጻፈውን ሲያነብለት ነው። አልቅሶ አመነ። ይህ የሐኪም ሥራ ነው። የኔ ጠብ ከተረቱ ጋር ነው፤ ተረቱ የሚሸፍናቸው ሰዎች አሉና።

ቺካቲሎ የሩሲያ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። በ1970ዎቹ ሴት ተማሪዎቹን ሲነካካ ተደረሰበት። ታዲያ ዲሬክተሩ ምን አደረገ? ፖሊስ ጠራ? የለም፤ «በፈቃድህ ልቀቅ» አለው። ነገሩ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተቀበረና መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሌሎች ሕፃናት ሄደ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 ሻኽቲ በምትባል ከተማ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ገደለ። ፖሊስ እሱን ጠይቆ ለቀቀውና አሌክሳንደር ክራቭቼንኮ የተባለ፣ ቀድሞም በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት የነበረ ሰው ያዘ። ሚስቱን አስፈራርተው ቃሏን አስቀየሯት፤ እሱንም አስጨንቀው አሳመኑት። እ.ኤ.አ. በ1983 ባልሠራው ወንጀል በጥይት ተገደለ። መዝገቡ ተዘጋ!

በ1984 ቺካቲሎ ሮስቶቭ ውስጥ ተያዘ። ቦርሳው ሲፈተሽ ቢላዋና ገመድ ተገኘ። ነገር ግን የላቦራቶሪው ወረቀት «የደም ዓይነቱ አይገጥምም» አለ፤ ከወረቀቱ በላይ ማን ይናገራል? ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ገደለ። ጋዜጦች ለዓመታት ዝም ስላሉ የሮስቶቭ እናት ልጇን «ከማታውቀው ሰው ጋር ባቡር ጣቢያ እንዳትቆሚ» ለማለት እንኳ ወሬው በወጉ አልደረሳትም። እንዲህ ያለ ገዳይ የካፒታሊዝም በሽታ ነው ይባል ነበርና በሶሻሊስት አገር እንዴት ይኑር?

ረሀብ እነዚህን ሰዎች አላዘዘም። ዲሬክተሩ ጠግቦ የሚያድር ሰው ነበር፤ መርማሪውም እንዲሁ።

እ.ኤ.አ. በ1992 ቺካቲሎ በብረት ጎጆ ተቀምጦ በ52 ግድያ ተፈረደበት፤ በየካቲት 1994 ተገደለ። ያ የተላጨ ጭንቅላቱ በየአገሩ ጋዜጣ ወጥቷል። ያሰናበቱትን ዲሬክተሮች ፎቶግራፍ ግን እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም።