እጮኛዬ መሪ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል

የዛሬውን ደብዳቤ የፍቅር ነው ብዬ ስከፍተው የመንገድ ሆኖ አገኘሁት። የመንገድ ነው ብዬ ሳነበው ደግሞ ዞሮ ዞሮ የፍቅር ሆነብኝ። ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ነች፤ ቀለበት ካሰረች ስድስት ወሯ ነው። እንደተለመደው ስሟንና ሰፈሯን ትተን ቃሏን አሳጥረን እናቅርበው።

«እጮኛዬ ጥሩ ልጅ ነው። ሱስ የለበትም፣ ሥራውን ያከብራል፣ እናቴን እንደ እናቱ ነው የሚያያት። በቅርቡ ያገለገለች ቪትዝ ገዛና ከቤተሰቦቹ ሊያስተዋውቀኝ ድሬዳዋ ወሰደኝ። እኔ ከአዋሽ ወዲያ አይቼ አላውቅም ነበር። ሚኤሶን እንዳለፍን መንገዱ ዳገት ሆነ፣ ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ‹ጭሮ ላይ ቆመን ቡና እንጠጣ› አልኩት። ‹ድሬ ስንደርስ› አለኝ። ሂርና ላይ ‹እርቦኛል› አልኩት። ‹ድሬ ስንደርስ› አለኝ። ኩርባ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሊቀድም ሲወጣ ጮህኩ። ‹አንቺ ታክሲ እንጂ መኪና አለመድሽም› ብሎ ሳቀብኝ። የሚገርመው ደግሞ ማታ ማታ የሚያሳየኝ ቪዲዮ ነው። ጣልያን አገር ባልና ሚስት በመኪና ኮረብታ ላይ ያሉ ከተሞችን ሲዞሩ፣ በየመንደሩ ምግብ ቤት ገብተው ሲበሉ ያሳየኝና ‹አንድ ቀን እኔና አንቺም› ይለኛል። አሁን ሳስበው ፈራሁ። ቀለበቱን ልመልስለት ወይስ እኔ ነኝ ያካበድኩት?»

እህቴ፣ ፍርድ ከመስጠቴ በፊት እኔም በዚሁ ወንጀል ተከሳሽ መሆኔን ላስታውቅሽ።

ባለቤቴ የድሬ ልጅ ነች። ከተጋባን ጀምሮ ለዘመድ ጥየቃ ያንን መንገድ ስንመላለስበት ኖረናል። እኔ ደግሞ መንገድ ማለት ሰዓት ነው ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። አዋሽን በስንት ሰዓት አለፍኩ፣ ጭሮን በስንት፣ ኩሉቢን በስንት፤ ማታ ለአማቾቼ የማወራው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ «እስቲ እንቁም» ትል ነበር። በሦስተኛው ዓመት ዝም አለች። እኔም ሰላም የወረደ መስሎኝ ደስ አለኝ። ዝምታ ሁሉ ሰላም እንዳልሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ሂርና መውጫ ላይ ጎማ ፈነዳ። መጠባበቂያዬን ሳወጣ ነፋስ የለውም። እየተሳደብኩ ጎማውን አስጭኜ ወደ ከተማ ተመለስን። ጎሚስታው ልጅ እግር ነው። ካላማዳሪውን እየነቀለ የእኔን መቁነጥነጥ አየና «አቦ፣ ምን አስቸኮለህ? ድሬ እንደሁ ከቦታዋ አትሄድ!» አለኝ። ባለቤቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

እሱ ጎማውን እስኪጠግን ከአጠገቡ ያለች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። ሦስት ጠረጴዛ ብትሆን ነው። ባለቤቲቱን ሴትዮ ባለቤቴ «አዴ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። የማሽላ እንጀራ በድንች ወጥ ቀረበልን። ከዚያ ሆጃ መጣ፤ ለማታውቁት፣ ከቡና ገለባ ከወተት ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ ነው። ሁለቱ ሴቶች ወሬያቸውን ቀጠሉ፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ድንገት ቀና ስል ባለቤቴ እንባዋን ትጠርጋለች።

ለካስ የሴት አያቷ የተወለዱት እዚያው ሂርና ከተራራው ሥር ኖሯል። የሐረርጌ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ከየት እንደሆኑ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ስንት ዓመት በመስኮት እያየችው ያለፈችው አገር የአያቷ አገር ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ነግሬህ ነበር» አለች። «ድሬ ስንደርስ አልከኝ።»

እህቴ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጭሮንና ሂርናን ሳልቆም አልፌ አላውቅም።

አሁን ወደ እጮኛሽ ቪዲዮ ልምጣ። ጣልያኖቹ እነ ኦርቪዬቶን፣ እነ ሲዬናን፣ እነ ሳን ጂሚኛኖን ኮረብታ ላይ የሠሩት ለጎብኚ ዓይን እንዲያምር ብለው አይደለም። የጦርነት ዘመን ስለነበር ከፍታው ጠላትን ከሩቅ ያሳያል፣ ግንቡም ይከለክላል። ዛሬ በብዙዎቹ አሮጌ ከተሞች የውጭ ሰው መኪና መሀል ድረስ አይገባም። የገባ እንደሆነ ካሜራ ታርጋውን ይዞ ቅጣቱን ይልክለታል። ስለዚህ ሰው መኪናውን ከግንቡ ውጪ አቁሞ በእግሩ ዳገት ይወጣል፣ በትንሿ ምግብ ቤት የዚያን መንደር ምግብ ይበላል። ወንድሜ፣ ቪዲዮውን ደግመህ እየው፤ የዚያ ጉዞ ጥበቡ መንዳቱ ሳይሆን ማቆሙ ነው። ጭሮ ላይ ያልቆመ ሰው ኦርቪዬቶ ላይ ይቆማል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

የእኛዎቹ የጨርጨር ከተሞችም ቢሆኑ ታሪክ አላቸው። ባቡሩ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የገባው የድሮውም ሆነ ከጅቡቲ የሚመጣው የአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ቆላ ቆላውን ይዞ በሚኤሶ በኩል ነው የሚያልፈው። ደጋውን ማየት የፈለገ ሰው በመኪና ዳገቱን መውጣት አለበት። ከሚኤሶ እስከ ጭሮ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ 1,800 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። ከፍታው ነው ማሽላውን፣ ቡናውንና ጫቱን የሚያበቅለው። ትልልቆቹ ሰዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚሏት ጭሮ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ነች። «ፋቡላ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉትና የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ነበሩ። ሂርናም ላይ እርሻ ይዘው ኖረዋል። ይህን ሁሉ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በመስኮት ማየት አይቻልም።

እንግዲህ ምክሬ ይኸውላችሁ፤ ለሁለቱም ነው።

አንድ ጊዜ ደግማችሁ ሂዱ። በዚህኛው ጉዞ ግን መድረሻችሁ ድሬ ሳይሆን ጭሮ ይሁን። ከአዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። አዋሽ ስትደርሱ ነዳጅ ሙሉ፣ የራዲያተሩን ውሃ እዩ፣ መጠባበቂያ ጎማው ነፋስ እንዳለው አረጋግጡ (እኔን ያየህ ተቀጣ!)። ከፊት የሚመጡትን ሹፌሮች «መንገዱ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰላም አይደለም ካሏችሁ ተመለሱ፤ ነውር የለውም። ማታ በፍጹም አትንዱ። በዝናብ ወራት ደጋው ላይ ጉም ስለሚወርድ በቀንም ቢሆን መብራት አብርታችሁ ቀስ በሉ።

ሚኤሶ አካባቢ የግመል ወተት የሚሸጡ ሴቶች ታገኛላችሁ። ቅመሱ፣ ግን ሆዳችሁ ካልለመደው የተፈላውን፣ እሱንም በትንሽ ስኒ ይሁን። ጭሮ ከቀትር በፊት ግቡ። መኪናዋን ሆቴል ግቢ አስገብታችሁ በእግር ውጡ። ለምሳ ትልቁን ሆቴል ሳይሆን የአካባቢው ሰው ከነልጁ የሚበላበትን፣ የረዥም መንገድ ሹፌር የሚቆምበትን ቤት ምረጡ። ዋጋ አስቀድማችሁ መጠየቅ አያሳፍርም። የሐረር ሠንጋ ስሙ የወጣው በከንቱ ስላልሆነ ጥብሱን አዝዛችሁ እዩት። ጠዋት ከሆነ ፉል ወይም ፈጢራ ካለ ጠይቁ። ሥጋ ስታዝዙ ግን የእስላም ይሁን የክርስቲያን ለይታችሁ ጠይቁ፤ አገሩ አብሮ የሚኖረው ይህን ተከባብሮ ነው። በረመዳን ወር ብዙ ቤቶች ቀን ይዘጋሉ፤ የተገኘውን በልታችሁ፣ ፊት ለፊት ከመብላትም ተቆጥባችሁ ብታሳልፉ ያስከብራችኋል። «አካም» ብሎ ሰላምታና «ገለቶማ» ብሎ ምስጋና የምታህል ኦሮምኛ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ቃል ነች፤ ስንት በር ትከፍታለች መሰላችሁ!

ከሰዓት በኋላ ከተማው ለበርጫ ይቀመጣል። እናንተም ብትጋበዙ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው፤ መሪ የሚይዝ ሰው አይቅምም። ምርቃና ኩርባውን ቀጥ ያለ አድርጎ ያሳያል። ጫት የጫኑትን አይሱዙዎች ደግሞ አትሽቀዳደሟቸው። እነሱ የሚሮጡት ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ ሊያደርሱ ነው፤ እናንተን ምን ያስሮጣችኋል? ፍሬቻ አሳይታችሁ ወደ ዳር ጠጋ በሉና አሳልፏቸው።

በማግስቱ ሁለት መንገድ አላችሁ። ዋናውን ይዛችሁ ሂርና ድረስ ብትሄዱ ሆጃዋን ጠይቁልኝ። ወይም ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ በበዴሳ በኩል ገለምሶ ውረዱ። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ ጫት የሚጠራበትን፣ ቡናውም የታወቀውን አገር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የኢቱ ኦሮሞዎች የገዳ ጉባኤ ቦታ የሆነው ኦዳ ቡልቱም ያለውም በዚያ በኩል ነው፤ ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። ጊዜ ካላችሁ በኩኒ ሙክታር ለደጋ አጋዘን የተከለለ መጠለያ አለ። አጋዘኑን ላታዩት ትችላላችሁ፤ አብራችሁ መፈለጋችሁ ግን አይቀርም። ስትመለሱ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ያለውን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ውረዱት እንጂ ፍሬን ላይ አትተኙ።

አሁን ፍርዱን ልስጥ። እህቴ፣ አንቺ የጻፍሽልኝ አንድ ነገር መስሎሽ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ነገር ነው ያየሁበት።

የመጀመሪያው አለመቆሙ ነው። ይህ የክፋት ሳይሆን የልማድ ነገር ነው። ብዙ ወንድ መሪ ሲይዝ ጎኑ የተቀመጠውን ሰው ይረሳል፤ ቶሎ ማድረስ ፍቅር ይመስለዋል። ምናልባትም ቤተሰቦቹ ፊት በሰዓቱ ሊያቀርብሽ ጓጉቶ ይሆናል። ይህ ይማራል። እኔ ዓመታት ቢፈጅብኝም ተምሬያለሁ፤ ያውም በፈነዳ ጎማ። በዚህ ምክንያት ቀለበት አይመለስም።

ሁለተኛው ግን ኩርባ ላይ ሲቀድም ጮኸሽ መሳቁ ነው። እዚህ ላይ አልቀልድም። ሕይወትሽ በእጁ ላይ ሳለ ፈራሁ ስትይው የሳቀ ሰው ነገ ሌላም ነገር ስትፈሪ ይስቃል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት መኪና ውስጥ ሳይሆን ቤት ቁጭ ብላችሁ በረጋ መንፈስ ንገሪው፤ «ብትራብ እታገሣለሁ፣ ኩርባ ላይ ግን አትቀድምም። ፈራሁ ካልኩህ ትቀንሳለህ» በይው። ተቆጥቶ ቢያኮርፍም ቃሉን ጠብቆ ከነዳ የምታገቢው ሰው ነው። ደግሞ ከሳቀብሽ፣ ደግሞ ኩርባ ላይ ከቀደመ፣ ጭሮ መናኸሪያ ላይ ውረጂና በሕዝብ ማመላለሻ ተመለሽ። ቀለበቱን የዚያኑ ቀን መልሽለት። የእኔም እህት ብትሆኚ የምመክርሽ ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። እንደ ባለቤቴ ዝም እንዳትዪ። «እንቁም» ማለት የሰለቻት ሴት የተስማማች ትመስላለች እንጂ አልተስማማችም። ስትደርሱ ደግሞ ቡናው ጭሮ ላይ እንዴት እንደነበር ጻፊልኝ።

ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።